በተራራና በጫካ የሚያስደነግጥ ነገር ሲያጋጥመን



ሰው የለመደውን አይፈራም። በሰፈሩ የሚጮኸው ውሻ፥ በነፋስ የሚንኳኳው የጎረቤት በር፥ በፀሐይና በብርድ የሚንቋቋው የጣራ ቆርቆሮ እንቅልፍ አይነሡትም፤ ምንነታቸውን ያውቃልና። ነገር ግን ያው ሰው ከከተማ ወጥቶ አንዲት ሌሊት በድንኳን ቢያድር የቅጠል ኮሽታ እንኳ ልቡን ያርበደብደዋል።

ወጣቶች በየጊዜው ወደ ተራራና ወደ ጫካ የእግር ጉዞ ማድረግ ከጀመሩ ወዲህ በየውይይታችን የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። አንዱ «ጉም ውስጥ ግዙፍ ሰው አየሁ» ይላል። ሌላዋ «ማንም ሳይኖር ከኋላዬ የሚራመድ ነበረ» ትላለች። ሦስተኛው «ሌሊት አንድ ነገር ደረቴ ላይ ተጭኖ መንቀሳቀስ ከለከለኝ» ይላል። ብዙዎቹ ይህን የሚያወሩት ጉዞው ካለቀ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በጊዜው «ፈሪ» እንዳይባሉ ዝም ብለዋል።

የደነገጠ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ይሮጣል፥ ወይ ይደብቃል። በተራራ ላይ ሁለቱም ሰው ይገድላሉ። ስለዚህ የዛሬው ትምህርታችን ዋና ሐሳብ ሦስት ቃል ነው፦ አትሩጥ፥ አትደብቅ፥ አጣራ። ይህንንም ከታወቁ ሰዎች ታሪክና ከሀገራችን ተራሮች በምሳሌ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. በጉም ውስጥ የሚታየው ግዙፍ ሰው

ፀሐይ ከኋላችን ዝቅ ብላ ስትወጣ ወይም ስትጠልቅ፥ ከፊታችን ደግሞ ከገደሉ ሥር ጉም ሲነሣ፥ ጥላችን በጉሙ ላይ ያርፋል። ጉም እንደ ግድግዳ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ጥልቀት አለው። ርቀቱን የምንለካበት ዛፍም ሆነ ድንጋይ በመካከሉ ስለማይታይ ዐይናችን ይታለልና ጥላው እንደ ግንብ የገዘፈ መስሎ ይታየናል። ጉሙ ሲንቀሳቀስ ጥላውም የሚራመድ ይመስላል። በራሱም ዙሪያ ቀስተ ደመና የመሰለ ክብ ብርሃን አንዳንድ ጊዜ ይታያል። ይህም የሚሆነው ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች የፀሐይን ብርሃን ወደ መጣበት አቅጣጫ መልሰው ስለሚበትኑት ነው። በአውሮፕላን የተጓዘ ሰው የአውሮፕላኑን ጥላ በደመና ላይ፥ በባለቀለም ክብ ተከቦ፥ አይቶ ይሆናል፤ ነገሩ አንድ ነው።

በጀርመን ሀገር ብሮከን የሚባል ተራራ አለ። ይህ ነገር በዚያ ደጋግሞ ስለሚታይ በዓለም ሁሉ «የብሮከን ምትሐት» ተብሎ ይጠራል። ከዚያም በፊት በ1730ዎቹ የመሬትን ቅርጽ ለመለካት ወደ ደቡብ አሜሪካ የሄዱ ፈረንሳውያንና እስጳንያውያን ሊቃውንት በአንዲስ ተራሮች ላይ ይህንኑ አይተዋል። ከእነርሱ አንዱ አንቶንዮ ደ ኡሎዋ የጻፈው ቁም ነገር አለው። ብዙ ሆነው ጎን ለጎን ቆመው ሳለ እያንዳንዱ ክቡን ብርሃን ያየው በራሱ ጥላ ዙሪያ ብቻ ነበረ፤ በባልንጀራው ራስ ላይ ምንም አላየም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የክቡ መካከል ሁልጊዜ ከተመልካቹ ዐይን ጋር የተያያዘ ነው። ነገር ግን ባልንጀራውን ያልጠየቀ ሰው «ብርሃን የከበበኝ እኔን ብቻ ነው» ብሎ ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር!

አሁን በስኮትላንድ ሀገር የነበሩ ሁለት ሰዎችን እናነጻጽር። ሁለቱም የሳይንስ ሰዎች፥ ሁለቱም ተራራ ወዳድ ነበሩ።

የመጀመሪያው ኖርማን ኮሊ ነው። በኋላ በለንደን የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኗል፤ በዘመኑም ከታወቁት ተራራ ወጪዎች አንዱ ነበረ። በ1891 ቤን ማክዱዊ ከተባለው 1,309 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ ብቻውን በጉም ውስጥ ሲወርድ ከኋላው ኮቴ ሰማ። እርሱ ሦስት አራት ጊዜ ሲራመድ የኋለኛው አንድ ጊዜ ይራመድ ነበር፤ ቁመቱ የእርሱ ብዙ እጥፍ የሆነ ፍጡር የሚከተለው መሰለው። ፍርሃት ያዘውና በቋጥኝ መካከል እየተደናቀፈ ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጠ። ይህን በአደባባይ የተናገረው በ1925፥ ማለት ከ34 ዓመት በኋላ ነው። የሰማው ምን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ ያረጋገጠ የለም። ያው ቀን ለማጣራት ቆም ያለ ሰው አልነበረምና።

ሁለተኛው ቻርልስ ዊልሰን ነው። በ1894 መስከረም ላይ ቤን ኔቪስ በሚባለው፥ በብሪታንያ ከሁሉ በሚበልጠው ተራራ ራስ፥ በአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ ለጥቂት ሳምንት ሠራ። እርሱም በጉሙ ላይ ባለቀለም ክቦችን አየ። «ይህ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። ወደ ካምብሪጅ ተመልሶ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ሰው ሠራሽ ደመና ለመሥራት ሞከረ። ከብዙ ዓመት ልፋት በኋላ ይህ ሙከራ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን የአቶም ክፍሎች የሚሄዱበትን መንገድ የሚያሳይ መሣሪያ ሆነ። ዊልሰንም በ1927 የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት አገኘ። አንዱ ጉም አይቶ ሮጠ፤ ሌላው ጉም አይቶ ጠየቀ።

ይሁን እንጂ ዊልሰን ሁልጊዜ ቆሞ የሚመለከት ሞኝ አልነበረም። በ1895 ሰኔ ላይ በዚያው አካባቢ ባለ የተራራ ጀርባ ላይ ቆሞ ሳለ የራስ ፀጉሩ በድንገት ቆመ። የመብረቅ ኤሌክትሪክ በአየሩ ውስጥ እንደ ተከማቸ ስላወቀ ፈጥኖ ወረደ፤ መብረቁም ተከተለ። እንግዲህ ልብ እንበል። ዕውቀት ያለው ሰው ከምን መሸሽ እንዳለበትና በምን መደነቅ እንዳለበት ይለያል። እኛም በክረምት ጉዞ ላይ ፀጉራችን ቢቆም ወይም ድንጋዩና ብረቱ ሲሲ የሚል ድምፅ ቢያሰማ ይህ ምሥጢር ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። ከተራራው ጫፍ በፍጥነት መውረድ፥ ከነጠላ ዛፍ መራቅ፥ እርስ በርስም ተራርቆ መሄድ ይገባል።

2. በሌሊት የሚሰሙ ድምፆች

በጨለማ ዐይን ሥራ ሲፈታ ጆሮ የሁለቱን ሥራ ይሠራል፤ የሰማውንም ያገዝፋል። ስለዚህ ወደ ጫካ ከመሄዳችን በፊት የአካባቢውን እንስሳት ድምፅ ማወቅ ግማሽ ስንቅ ነው።

ጅብ ሁላችንም እናውቃለን እንላለን። ነገር ግን ከዝቅታ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣው ረጅም ጩኸቱ ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ስለሚሰማ አጠገባችን ያለ ይመስለናል። ሳቅ የሚመስለው ድምፁም የደስታ ሳቅ አይደለም፤ በመብል ሲጣላ ወይም ሲጨነቅ የሚያሰማው ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በመናገሻ ሱባ ጫካ ባደርንበት ጊዜ፥ ሊነጋ ሲል ከዛፎቹ ላይ አንድ ከባድ የማጉረምረም ድምፅ ተነሣ። አንዱ ጀመረ፥ ከማዶ ሌላው መለሰ፥ ከዚያም ሸለቆው በሙሉ ተንቀጠቀጠ። በድንኳናችን ውስጥ ነብር ነው ያለ ነበረ፥ አንበሳ ነው ያለም ነበረ። የጫካው ጠባቂ ግን እሳቱን እየቆሰቆሰ «ጉሬዛ ነው፤ ማለዳ ማለዳ ይህ የኔ ነው እያለ ድንበሩን ያስታውቃል» አለን። ሲነጋ ቀና ብለን ስናይ፥ ያን ሁሉ ድምፅ ያሰማው ጥቁርና ነጭ ፀጉር ያለው፥ ቅጠል የሚበላ ጦጣ መሰል እንስሳ ሆኖ አገኘነው። በዚያው ጫካ የሚኖረው ድኩላም ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮኻል። ይህን ያላወቀ ሰው ሰው በሌለበት ጫካ ውሻ ሲጮኽ ቢሰማ አይፈረድበትም።

በሰሜን ተራሮች ደግሞ ቀን በቀን ከሰማይ አጥንት ሲወድቅ ማየት ይቻላል! ነገሩን ላላወቀ ሰው ይህ ከተአምር የሚቆጠር ነው። አጥንቱን የሚጥለው ጺም ያለው ትልቅ አሞራ ነው። አጥንቱን ይዞ ከፍ ይልና በድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበርለት ወርዶ ይበላዋል።

በእጅ ባትሪ ብርሃን ውስጥ የሚያበሩ ዐይኖችም ብዙ ሰው ያስደነግጣሉ። በሌሊት የሚንቀሳቀሱ ብዙ እንስሳት ከዐይናቸው በስተኋላ ብርሃን የሚመልስ ስስ ሽፋን አላቸው። ስለዚህ የሚያበራው የእነርሱ እሳት ሳይሆን የእኛው ባትሪ ነው። ይህ ማለት ግን ዐይኑ የማን እንደ ሆነ ሳናውቅ እንቅረበው ማለት አይደለም። ምግባችንን ዘግተን፥ ከድንኳን ሳንወጣ፥ ጓደኞቻችንን ቀስቅሰን እንቆይ።

3. መንገድ ሲዞርብን

በየገጠሩ «ሰይጣን አዞረኝ» የሚል ሰው እናገኛለን። ቀጥ ብዬ ሄድሁ ሲል ከሰዓታት በኋላ ራሱን ቅድም ካየው ዛፍ ሥር ያገኘዋል። ሰውዬው አልዋሸም፤ በእርግጥም ዞሯል። በጀርመን ሀገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን በጫካና በሰሐራ በረሃ «ቀጥ ብላችሁ ሂዱ» ብለው አሰማርተው መንገዳቸውን በሳተላይት ተከታትለዋል። ፀሐይ ወይም ጨረቃ ስትታይ ሰዎቹ በደህና ቀጥ ብለው ሄዱ። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ግን ሳያውቁት እየዞሩ የገዛ ዱካቸውን ያቋርጡ ነበር።

እንግዲህ የሚያዞረን የሩቅ ምልክት ማጣት ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው። ጉም ሲወርድ ወይም ሲመሽ መንገድ ከጠፋን እንቁም። የጠፋ ሰው በተራመደ ቁጥር ፈላጊዎቹ የሚያስሱት ቦታ ይሰፋል። አንድ ቦታ ተቀምጦ ፊሽካ ሦስት ሦስት ጊዜ መንፋት ሌሊቱን ሙሉ ከመዞር ይሻላል፤ በጨለማ የዞረ ሰው ገደል ይጠብቀዋልና።

4. በድንኳን ውስጥ

ዱካክ በሀገራችን የታወቀ ነው። ሰውዬው ነቅቶ ዐይኑን ይገልጣል፤ ነገር ግን እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አይችልም። ደረቱ ላይ ክብደት ይሰማዋል፤ በድንኳኑ ውስጥ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለዋል፤ ለመጮኽ ቢሞክር ድምፁ አይወጣም። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ሕልማችንን በእግራችን እንዳንፈጽመው ሰውነታችን ይታሰራል። አንዳንድ ጊዜ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት እንደ ታሰረ ይቆያል። ሕልሙም ሳያልቅ ከዕውኑ ጋር ይደባለቃል። ድካም፥ የእንቅልፍ ማነስና በጀርባ መተኛት ይህን ያበዙታል፤ የመጀመሪያ የድንኳን ሌሊት ደግሞ ሦስቱም አሉበት። ጥቂት ቆይቶ በራሱ ይለቃል። በጎን መተኛትና ጣትን ለማንቀሳቀስ መሞከር ይረዳል።

በከፍተኛ ተራራ ላይ ደግሞ ሌላ የሚያስፈራ ነገር አለ። አጠገባችን የተኛው ጓደኛችን ይተነፍሳል፥ ይተነፍሳል፥ ከዚያም ጸጥ ይላል። አምስት፥ አሥር፥ አሥራ አምስት ሰከንድ ያልፋል። «ሞተ!» ብለን ልንነሣ ስንል በረጅሙ ስቦ እንደ ገና ይጀምራል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ እንዲህ መቆራረጡ የተለመደ ነው፤ በጤነኛ ሰውም ይታያል። ጓደኛችን ቀን በደህና የሚሄድና የሚናገር ከሆነ ይህ ብቻውን አደጋ አይደለም።

5. አብሮን የሚሄደው ሌላ ሰው

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውና ብዙ ሰው የሚደብቀው «ሌላ ሰው አብሮን ነበረ» የሚለው ስሜት ነው።

የአየርላንድ ተወላጁ ኧርነስት ሻክልተን በ1915 በደቡብ ዋልታ አካባቢ መርከቡ በበረዶ ተሰብራ ነበር። በ1916 የቀሩትን ሰዎቹን ለማዳን ከፍራንክ ወርስሊና ከቶም ክሪን ጋር ሆኖ የደቡብ ጆርጅያን ደሴት ተራራ በ36 ሰዓት ያህል ያለ እንቅልፍ ተሻገረ። በዚያ ጉዞ ሦስት ሳይሆኑ አራት ሆነው የሚሄዱ ይመስለው ነበር። ለባልንጀሮቹ ምንም አላላቸውም። በኋላ ግን ወርስሊ ራሱ ያንኑ ስሜት እንደ ተሰማው ነገረው። አብረው በሞት ጥላ ውስጥ ያለፉ ሰዎች እንኳ በጉዞው ላይ ሳሉ ይህን ለመናገር አፍረው ነበር ማለት ነው።

በ1933 ደግሞ ፍራንክ ስማይዝ በኤቨረስት ላይ ከ8,500 ሜትር በላይ ብቻውን ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን ወጣ። አብሮት የሚሄድ ሰው እንዳለ እጅግ ተሰምቶት ነበርና የያዘውን የስኳር ምግብ ቆርሶ ግማሹን ሊሰጠው ዞረ፤ የሚቀበል ግን አልነበረም። ሲወርድም ሁለት ጥቁር ነገሮች በሰማይ ላይ ሲንሳፈፉ አየ። ስማይዝ ያን ጊዜ ያደረገውን ልንማረው ይገባናል። አልጮኸም፥ አልሮጠም። ዐይኑን ከእነርሱ አንሥቶ በዙሪያው ያሉትን ተራሮች በስማቸው እየለየ አእምሮውን ፈተነ። ተራሮቹን ሁሉ በትክክል አወቀ። ሲመለስ ነገሮቹ አሁንም በቦታቸው ነበሩ፤ ጥቂት ቆይቶ ጉም ሸፈናቸውና ጠፉ። ከጉዞው በኋላም ሳያፍር ጻፈው።

በ2006 በስዊዘርላንድ የሚገኙ ሐኪሞች አንዲትን የሚጥል በሽታ ያለባት ሴት ሲመረምሩ፥ በግራ ጆሮ በላይ ያለውን የአንጎል ክፍል በትንሽ ኤሌክትሪክ ሲነኩት «ከኋላዬ ሰው አለ» አለች። ስትቀመጥ ጥላው ይቀመጣል። አንጎል የገዛ ሰውነታችን የት እንዳለ ሁልጊዜ ያሰላል፤ ስሌቱ ሲዛባ የራሳችን ሰውነት ሌላ ሰው ሆኖ አጠገባችን ይቆማል። ድካም፥ ብርድ፥ ብቸኝነትና የኦክስጅን ማነስ ይህን ስሌት ሊያዛቡ ይችላሉ።

እዚህ ላይ «እንግዲያውስ ሁሉ ነገር ከአንጎል ነው ማለታችሁ ነውን?» የሚል ወንድም ወይም እኅት ይኖራል። የእኛ ጽሑፍ በዚህ ላይ ፍርድ ለመስጠት አልተነሣም። ሻክልተን ያን ጉዞ ሲያስብ የእግዚአብሔርን ጥበቃ እንዳየበት ጽፏል፤ ማንም «ተሳስተሃል» ሊለው አይችልም። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ቅርቡን ምክንያት ሳያጣሩ ወደ ሩቁ መሄድ በተራራ ላይ ሕይወት ያስከፍላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14 እንደምናነበው ሐዋርያት በሌሊት በባሕር ላይ የሚመጣውን ባዩ ጊዜ ምትሐት መስሏቸው ጮኹ። የመጣው ግን መምህራቸው ነበረ። ጴጥሮስም ያመነው ጠይቆ ነው። መጠየቅ ከእምነት ጋር አይጣላም።

6. አደጋው በእውነት የሚገኝበት ቦታ

እስካሁን ያየናቸው ብዙዎቹ ያስደነግጣሉ እንጂ አይጎዱም። አሁን የምንናገራቸው ሁለቱ ግን ይገድላሉ፤ ሁለቱም እንደ እንግዳ ጠባይ ሆነው ስለሚጀምሩ በቀላሉ ይታለፋሉ።

ሀ. የከፍታ ሕመም

ከ2,500 ሜትር በላይ ስንወጣ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ደጋ የምንኖር ሰዎች ጥቂት ብንለምድም ከሕመሙ ነፃ አይደለንም። ደባርቅ 2,800 ሜትር ያህል ነው፤ በሰሜን ተራሮች ያሉት የግጭና የጨነቅ ማደሪያዎች 3,600 ሜትር ያህል ናቸው፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ እንቅልፍ ማጣት ናቸው። በዚህ ጊዜ ማረፍና ከፍ ብሎ አለማደር ይበቃል። ነገር ግን ሰውየው እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ፥ ንግግሩ ቢዛባ፥ የሌለ ሰው ቢያነጋግር፥ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ቢያጥረው አንጎሉ ወይም ሳንባው ውሃ እየያዘ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እርሱም መውረድ። ሌሊት ቢሆንም፥ ሰውየው «ደህና ነኝ» ቢልም፥ ብቻውን ሳይሆን ተደግፎ ወዲያው ይውረድ። «መንፈስ ይዞታል» ብሎ እስኪነጋ ከብቦ መቀመጥ ሞቱን መጠበቅ ነው። ጸሎቱ እየወረዱም ይደርሳል።

ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። በመሬት ላይ ቀጥ ያለ መሥመር እናሥምርና የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገናኘ እንዲራመድ እንጠይቀው። ጤነኛው ሲችል እርሱ ካልቻለ ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ሕመሙን አስቀድሞ ይከላከላል።

ለ. ብርድ

የሰውነታችን የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፥ ይኮላተፋል፥ ይደናቀፋል፥ ነገር ይጠፋበታል። ብርዱ ሲብስ መንቀጥቀጡ ይቆማል፤ ብዙዎችን የሚያታልለው ይህ ነው። አንዳንዱም በመጨረሻው ሰዓት «ሞቀኝ» ብሎ ልብሱን ያወልቃል። ይህን ያዩ ሰዎች «አብዷል» ወይም «ተለክፏል» ይላሉ፤ እርሱ ግን በብርድ እየሞተ ነው። ውሃ በረዶ በማይሆንበት ቦታ እንኳ ዝናብና ነፋስ ተጋግዘው ይህን ያደርሳሉ። እርጥቡን ልብስ አውልቀን በደረቅ እንጠቅልለው፥ ከነፋስ እንከልለው፥ የሚውጥ ከሆነ ትኩስና ጣፋጭ ነገር እናጠጣው። አረቄ ፈጽሞ አይሰጥም፤ ለጊዜው የሚያሞቅ መስሎ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣዋል።

በ1959 የካቲት መጀመሪያ ላይ በሩስያ በኡራል ተራሮች የሆነውን ብዙዎች ሰምተዋል። በኢጎር ዲያትሎቭ የሚመሩ ዘጠኝ ተጓዦች፥ አብዛኞቹ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችና ምሩቃን፥ በሌሊት ድንኳናቸውን ከውስጥ ቀደው፥ ያለ ጫማና ያለ በቂ ልብስ ወደ በረዶው ወጡ። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወርደው ከዛፍ ሥር እሳት አነደዱ። ዘጠኙም ሞቱ፤ ስድስቱ በብርድ፥ ሦስቱ በደረሰባቸው ከባድ ጉዳት። ለብዙ ዓመት ስለ አውሬ፥ ስለ ምሥጢራዊ ብርሃንና ስለ ጦር መሣሪያ ተወርቷል። በ2021 በስዊዘርላንድ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች በስሌት እንዳሳዩት፥ ለድንኳኑ ሲባል የተቆረጠው የበረዶ ቁልቁለት ነፋስ በላዩ በረዶ ከቆለለበት ከሰዓታት በኋላ ተንዶ በድንኳኑ ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። እነዚያ ወጣቶች ፈሪዎች አልነበሩም፤ ከዛፉ ሥር ካሉት ሦስቱ ወደ ድንኳናቸው ለመመለስ ሲሞክሩ ሞተው መገኘታቸው ይታመናል። ከታሪካቸው የምንማረው ግን አለ። ከድንኳን የወጣነው በትክክለኛ ምክንያትም ቢሆን ጫማና ካፖርት ትተን ከወጣን ቀሪውን ብርዱ ይፈጽመዋል። ስለዚህ ጫማና ወፍራም ልብስ ዘወትር ከራስጌ ይቀመጥ።

7. በጉዞአችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ ከመነሣታችን በፊት እያንዳንዱ ተጓዥ የጉዞ ጓድ ይመደብለት። ሁለቱ በማታና በማለዳ «እንዴት አደርህ? ራስህን ያምሃል? ምን ሰማህ? ምን አየህ?» ብለው ይጠያየቁ። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ እንደማይሳቅበት በስምምነት ይጽና። «ወንድ አይፈራም» የሚለው አነጋገር ከሻንጣችን ይውጣ።

ሁለተኛ፥ የአካባቢውን ሰው እንጠይቅ። እረኛው፥ የጫካው ጠባቂ፥ በሰሜን ተራሮች መንገደኛን የሚያጅቡት ስካውቶች የእያንዳንዱን ድምፅ ባለቤት ያውቃሉ።

ሦስተኛ፥ አንዳች ነገር ሲያስደነግጠን በቦታችን ቆመን ሦስት ጊዜ በረጅሙ እንተንፍስ፤ ከዚያም «አንተም ታየዋለህ?» ብለን ጓዳችንን እንጠይቅ። ሁለት ሰው ካየው ነገሩ በውጭ ያለ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ ካየው ወይ ቦታ እንቀያየር፥ ወይ የራሱን ጤና እንመርምር።

አራተኛ፥ በሌሊት ማንም ብቻውን ከማደሪያው አይራቅ፤ ለሽንትም ቢሆን ባትሪ ይዞ፥ ጓዱን ቀስቅሶ ይሂድ።

ማጠቃለያ

ተራራና ጫካ ከሰፈራችን የተለዩ ስለሆኑ ያልለመድነውን ያሳዩናል፥ ያሰሙናል። መደንገጥ ነውር አይደለም። ኮሊም ደነገጠ፥ ስማይዝም ተገረመ፥ ሻክልተንም ዝም አለ። ልዩነቱ ከድንጋጤው በኋላ በሚደረገው ነው። አብሮን ያለው ሰው ያየውን እንዲነግረን የምናበረታታ ከሆነ ጉሙ ጥላ፥ ጩኸቱ ጉሬዛ መሆኑን እናውቃለን። የሚንገዳገደውንም ወንድማችንን በጊዜ ይዘን እንወርዳለን። የሚደብቅ ጓድ ያለው ቡድን ግን በጉዞው መካከል ሰው ሊያጣ ይችላል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በጉዞ ላይ ያስደነገጣችሁን፥ ነገር ግን ለማንም ያልነገራችሁትን አስታውሱ። እንዳትናገሩ የከለከላችሁ ምንድን ነው?
2. ኮሊና ዊልሰን በተራራ ላይ ካጋጠማቸው ነገር በኋላ ያደረጉት በምን ይለያያል? ዊልሰን በ1895 ፈጥኖ መውረዱስ ለምን ትክክል ሆነ?
3. በ3,600 ሜትር ከፍታ፥ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፥ አንዲት እኅታችን የሌለ ሰው ስታነጋግር ብትሰሙ በቅደም ተከተል ምን ታደርጋላችሁ?
4. በአንዲስ ተራራ ላይ እያንዳንዱ ሰው ብርሃኑን በራሱ ጥላ ዙሪያ ብቻ ማየቱ ስለ ኅብረት ኑሮአችን ምን ያስተምረናል?